በመጋዝ አለት የጠፋው ሰዓት

ሎውደን ኮቭ፣ ሜይ 22 ቀን 1980

ለወንድሜ ለኦርቪል፤

ሰላምታዬ ይድረስህ። ጉልበቴ፣ ወገቤና ሆዴ ደኅና ናቸው። ስለ ጭንቅላቴ አንተ እንድትነግረኝ ነው ይህን የምጽፍልህ።

አስቀድሜ ለጠየቅኸኝ ልመልስ። አዎ፣ የፓስተር ግሪምሾ እግር ሁለት ቦታ ተሰብሯል። አዎ፣ ጠፍጣፋውን ዓሣ ላስጠምደው ብዬ መጋዝ አለት ላይ ይዤው የወጣሁት እኔ ነኝ። የለም፣ አልጠጣሁም። ይህን የመጨረሻውን በመጠየቅህ አልተቀየምሁም፤ አንተ ባለህበት የሚኒስትር ወንበር የተቀመጠ ሰው መጠየቅ አለበት። ደግመህ በስልክ አትጠይቀኝ ብቻ። መስመሩን ስድስት ቤት ነው የምንጋራው። ባለፈው እሑድ ስንነጋገር ያስነጠሰችው ቨርና ኮሞ ናት፤ አንተ ከዘጋህ በኋላ "ይማርሽ ቨርና" ብላት "አመሰግናለሁ ሆሊስ" ብላ መለሰችልኝ።

ነገሩ ይህ ነው። ሙላቱ አንድ ሰዓት ቀድሞ መጣብኝ። ባሕር አይቀድምም፣ አይዘገይም፤ ይህን አንተም በስድስት ዓመትህ ታውቀው ነበር። ስለዚህ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። የት ላይ እንደተሳሳትሁ ግን አምስት ቀን ሙሉ ስፈልግ ውዬ ስፈልግ አድሬ ላገኘው አልቻልሁም።

ዊኒፍሬድ ከመንክተን መጥታ ሦስት ቀን አብራኝ ሰነበተች። ልጄ ክፉ አይደለችም። "አባዬ፣ ስልሳ ዓመት የኖርክበትን ሰዓት ከረሳህ ነገ ምድጃውን ትረሳለህ" አለችኝ። ቤቱን የሚገዛ ሰው አግኝታለች፤ እኔን ደግሞ እሷ ዘንድ ልትወስደኝ ነው። ወረቀቱ እስከ ጁን 14 እንዲፈረም ተቀጥሯል። ተጨቃጨቅን። በኋላ እኔ ራሴ "አጎትሽ ይፍረድ" አልሁ። እሷም "አጎቴ የሚዘባርቅ ሰው ሲሰማ ነው የኖረው፤ ይለያል፤ ይፍረድ" አለች። ተጨባበጥን።

እንግዲህ ፍርዱ ያንተ ነው። "ይሂድ" ካልህ እፈርማለሁ። "ይቅር" ካልህ እቀራለሁ። እንዳታዝንልኝ፤ እውነቱን ንገረኝ።

ወንድምህ ሆሊስ


ሃሊፋክስ፣ ሜይ 28 ቀን 1980

ለተከበርኸው ታላቅ ወንድሜ ለሆሊስ፤

ደብዳቤህ ሰኞ ደርሶኛል። መልሱ እስከ ዛሬ የዘገየው በምክር ቤቱ ሥራ ነው ብዬ ላመካኝ እችል ነበር። እውነቱ ግን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ሰው በሕይወቱ ውስጥ ብዙ ዓይነት ፍርድ እንዲሰጥ ይጠየቃል፤ ባሳደገው ሰው ላይ እንዲፈርድ ግን ሊጠየቅ አይገባም ነበር። እናታችን ስታርፍ እኔ ስድስት ዓመቴ፣ አንተ ሃያ ሁለት ዓመትህ ነበር። ትምህርት ቤት የሄድሁት ከዚያ አለት ላይ በተጠመደ ዓሣ ነው። ይህን በየመድረኩ ተናግሬዋለሁ፤ ለአንተ ግን በደብዳቤ የጻፍሁልህ መሆኑን አላስታውስም።

ሄጄ ላይህ ባለመቻሌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በፖስታው ጀርባ በእርሳስ ለጻፍኸው ጥያቄ፦ አዎን፣ በመኸር ምርጫ ሳይደረግ አይቀርም። አዎን፣ ደግሜ እቆማለሁ። እንዴት እንደምወጣ አላውቅም፤ ባለፈው ያሸነፍሁት በመቶ ስልሳ ድምፅ እንደነበር ታስታውሳለህ።

በአንድ ጧት ሰው ላይ አልፈርድም። ዊኒፍሬድንም እስከ ቀጠሮው ቀን እንድትታገሰኝ ለምኛታለሁ። የዚያን ጧት ነገር ግን ከአንተ ከራስህ መስማት አለብኝ። ሰዓቱን ከየት ነው ያወጣኸው? አለቱ ላይ ከወጣችሁ በኋላ ውኃው ምን ሲያደርግ አየህ? ፓስተሩስ ምን አለ? እንደ ምስክር ሳይሆን እንደ ወንድም አስረዳኝ። ብትረሳ ረሳሁ በል፤ መርሳትን ሳይሆን የረሱትን መሸፈንን ነው የምፈራው።

በፍቅርና በአክብሮት፣
ኦርቪል


ሎውደን ኮቭ፣ ጁን 2 ቀን 1980

ለወንድሜ፤

ምንም የረሳሁት ነገር የለም። ግራ ያጋባኝም ይኸው ነው። ብረሳ ኖሮ ረሳሁ ብዬ እገላገል ነበር።

ቅዳሜ ሜይ 17፣ የዘንድሮ የመጀመሪያ መውጫዬ ነበር። ሌሊት ልብሴን እንደለበስሁ ወጥ ቤት ገብቼ ግድግዳው ላይ ያለውን ያንተን ካሌንደር አየሁ። በየዓመቱ ለመራጮችህ የምትልከውን፣ ፎቶግራፍህ ከላይ፣ የሙላትና የጉድለት ሰዓት በየቀኑ ሥር ያለበትን። "ጉድለት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት" ይላል። የባሕር ሰዓት ዓመቱን ሙሉ በድሮው ሰዓት እንደሚታተም ሕፃን ያውቃል። መንግሥት ለበጋው ብርሃን ብሎ በኤፕሪል መጨረሻ ሰዓታችንን አንድ ሰዓት ወደፊት ሲያስገፋን ባሕሩን አያስገፋውም፤ ስለዚህ እስከ መኸር ድረስ አንድ እንጨምርበታለን። እኔም ጨመርሁ። ሦስትና አንድ አራት። በጣቴ ቆጥሬ ነው። ውኃው አራት ሰዓት ላይ ይመለሳል፤ ከዳርቻው ወደ አለቱ የሚወስደው መሻገሪያ ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ደረቅ ይቆያል፤ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ እንወጣለን ማለት ነው።

ፓስተሩ ከእግሩ የሚሰፋ የጎማ ቦት ጫማ አድርጎ መጣ። ከኦንታሪዮ ከመጣ ገና ሰባት ወሩ ነው።

"ምን ይዘሃል ፓስተር?" አልሁት።

"አምስቱን እንጀራ" አለና ኪሱን መታ አደረገ፤ የቺዝ ሳንድዊች ነው። "ሁለቱ ዓሣ በአንተ በኩል ነው።"

ሰውየውን ወደድሁት። በመሻገሪያው በኩል በደረቅ ሄደን አለቱ ላይ ስንወጣ ጉሙ ተከተለንና የመጣንበትን ዳርቻ ዋጠው። ዓሣው አለቱ ላይ እንደማይተኛ፣ በሁለት ቋጥኝ መካከል ባለችው የአሸዋ ኪስ ተቀብሮ ሁለት ዓይኑን ብቻ አውጥቶ እንደሚጠብቅ አሳየሁት። ክሩን የሚያሰጥመውን እርሳስ እዚያች ኪስ ውስጥ እንዲጥል፣ መንጠቆው ላይ ያለው ትል አሸዋውን እየላሰ እንዲሄድ ቀስ ብሎ እንዲስብ አስተማርሁት። በሦስተኛው ውርወራ ያዘ። እንደ ሳህን የሚያህል!

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የመንጠቆዬን ክር አየሁት። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው ጫፍ ያዘነብላል። በእኔ ስሌት ውኃው ገና እየጎደለ ነው፤ እየጎደለ ከሆነ ክሩ ወደ ምዕራብ ነው የሚሄደው። ቆሜ አየሁት። ከአለቱ ጀርባ የሚሽከረከር ውኃ ነው አልሁ ለራሴ። አንዳንዴ ይሽከረከራል፤ ውሸት አይደለም። ዓሣውም እንደዚያ መብላት አልነበረበትም፤ ውኃው ሳይመለስ እንደዚያ አይበላም።

ፓስተሩ "ሆሊስ፣ ውኃው እየመጣ አይደለም እንዴ?" አለኝ።

"ፓስተር፣ አንተ ሰማዩን ጠብቅ፤ ባሕሩን ለእኔ ተወው" አልሁት።

ሳቀ። ደግሞም አልጠየቀኝም።

አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሳንድዊቹን ልንበላ ስንል መሻገሪያውን ልየው ብዬ ወረድሁ፤ ውኃ ውጦታል። ከዚያ በኋላ የሆነውን፣ ፓስተሩ እንዴት እንደወደቀ፣ ከዊኒፍሬድ ሰምተሃል፤ እኔ አልደግመውም። ባሕሩ ውስጥ በተተከለው የዓሣ ወጥመድ አጥር ላይ ይሠሩ የነበሩት ሰዎች ጩኸታችንን ሰምተው በጀልባቸው ባይመጡ ይህን ደብዳቤ አትቀበልም ነበር። ነገ ሄጄ ላመሰግናቸው ነው።

ክሩን አይቻለሁ ኦርቪል። አይቼ አላመንሁትም። አሁን ደግሞ ራሴን ማመን አለማመኔን አላውቅም።

ሆሊስ


ሃሊፋክስ፣ ጁን 6 ቀን 1980

ውድ ወንድሜ ሆሊስ፤

ትናንት ለዊኒፍሬድ "አባትሽ ባለበት ይቅር" የሚል ደብዳቤ ጽፌ ጨርሼ ነበር። የላክኸልኝን ሦስት ጊዜ አንብቤ፣ ይህን ያህል አጥርቶ የሚያስታውስና ስሕተቱን ይህን ያህል በድፍረት የሚፈልግ ሰው አእምሮው አልደከመም ብዬ ነው። ፖስታውን ገና ሳላሽገው እሷው ደወለችልኝ።

የነገረችኝን ባላምን እወዳለሁ። ከማክሰኞ ከሰዓት ወዲህ በመንደሩ ከቤት ወደ ቤት እየዞርህ፣ ከዘጠኝ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ካሌንደር አውርደህ ወስደሃል አሉ። ለቨርና ኮሞ ምድጃ ልለኩስበት ነው አልሃት። እሷም "ሆሊስ፣ ገና እኮ ጁን ነው፤ ዓመቱ ግማሽ ይቀረዋል" ብትልህ፣ "ምን ይደረግ፣ ዘንድሮ ዓመቱ አጭር ነው" ብለህ በብብትህ ይዘህ ወጣህ። ወይዘሮ አተርተን ደግሞ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ ገብተህ ሳትጠይቃት ወስደሃል። መንደሩ ከንፈሩን እየመጠጠ ነው። ሰዎቹ የሚቆጡ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። እያዘኑልህ ነው።

ወንድሜ፣ ምክንያት ካለህ ንገረኝ። ምክንያቱ ምንም ዓይነት ቢሆን እቀበለዋለሁ፤ ምክንያት ያለውን ሰው ማንም ሊወስደው አይችልም። ካልነገርኸኝ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ደብዳቤ ልልከው አልችልም። ቀጠሮው ስምንት ቀን ቀርቶታል።

በመልስህ ተስፋ የሚያደርግ፣
ኦርቪል


ሎውደን ኮቭ፣ ጁን 8 ቀን 1980

ለክቡር ሚኒስትር፤

ምክንያቱን ጠየቅኸኝ። ፎቶግራፍህን ስለምወደው ነው። ዘጠኝ ብቻ አይደለም፤ አሥራ አራት ነው። ቨርና መቁጠር አትችልም።

ቀልዱን ልተወው። ለዊኒፍሬድ "ይሂድ" ብለህ ጻፍላት። እኔም ደክሞኛል። ቤቱም ቀዝቃዛ ነው፣ ጣሪያውም ያፈሳል፣ መንክተን ደግሞ ጥሩ ሐኪም አለ ይባላል። ቅዳሜ እፈርማለሁ። መስመሬ አልተጣመመም፤ ፊደሉን አይተህ ፍረድ።

ትናንት ሆስፒታል ሄጄ ፓስተሩን አየሁት። እግሩን በገመድ ሰቅለውታል።

"ባሕሩን ለአንተ ትቼው ነበር" አለኝ እየሳቀ።

"ሰማዩንስ ጠበቅኸው?" አልሁት።

"ከዚያች ጀልባ ሌላ ምን ልልክልህ ኖሯል?"

አልተቀየመኝም። ቢቀየመኝ ይቀለኝ ነበር። ካሌንደር እንዳለው ጠየቅሁት፤ ቤቱ በር ጀርባ እንደተሰቀለ ነገረኝ። ቁልፉን ሰጠኝ፤ ለምን እንደሆነም አልጠየቀኝም። አሥራ አራተኛው የእሱ ነው።

ልጠይቅህ የምፈልገው አንድ ነገር ነበረ። ያን ካሌንደር በጠቅላላው ለስንት ቤት ነው የላክኸው? ከእኛ መንደር ወዲያ፣ በዳርቻው ላይ፣ ካሌንደሩን አይቶ አለት ላይ የሚወጣ ሰው ያለበት ቤት ስንት ይሆናል? እኔ በእግሬ የምደርሰው እስከ ድልድዩ ድረስ ብቻ ነው። ለሌላ አይደለም፣ እንዲሁ ነው የጠየቅሁህ።

ከእንግዲህ ስለዚህ ነገር አትጻፍልኝ።

ሆሊስ


ሃሊፋክስ፣ ጁን 11 ቀን 1980

ለታላቅ ወንድሜ ለሆሊስ፤

የጥያቄህ መልስ አራት ሺህ ሁለት መቶ ነው። እንዲሁ እንዳልጠየቅኸኝ ግን ዛሬ ጧት ገብቶኛል።

ደብዳቤህን ካነበብሁ በኋላ ከመንግሥት ማተሚያ የሚወጣውን የባሕር ሰዓት መጽሐፍ አስመጣሁና ከካሌንደሬ ጎን ዘረጋሁት። በሜይ 17 ሥር መጽሐፉ "ጉድለት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት" ይላል። ካሌንደሬ "ሦስት" ይላል። አንዱ ሰዓት አስቀድሞ ተጨምሯል። አንተ ስትጨምርበት ጭማሪው ሁለት ሰዓት ሆነ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከመጽሐፉ ላይ እንዳለ ስንገለብጥ ኖረናል። ባለፈው ዓመት አንዲት የበጋ ቤት ያላት ሴት፣ ልጆቿን ለዋና ይዛ ወርዳ ውኃው ሸሽቶ ጭቃ ብቻ እንደጠበቃት ጽፋ ወቀሰችኝ። እንግዶቻችን አንድ መጨመር እንዳለባቸው ከየት ያውቃሉ? ከሰዓት ለውጡ በኋላ ያሉት ቀናት ሁሉ በአዲሱ ሰዓት እንዲታተሙ ያዘዝሁት እኔ ነኝ። "ይስተካከል" የሚለው በእጄ ተጽፎ ፋይሉ ውስጥ አለ። በመጨረሻው ገጽ ጀርባ በደቂቅ ፊደል አንድ መስመር ማስታወቂያ ታትሟል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለን ካሌንደር ጀርባ ማን ገልብጦ ያነባል? ለአንድ እንግዳ ቤት ብዬ አራት ሺህ ባለ አገር ረሳሁ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ፣ ያን ቀን ጥሩ ሥራ ሠርቻለሁ ብዬ ደስ እያለኝ ወደ ቤቴ መሄዴ ነው።

የጽሕፈት ቤቴ ኃላፊ ዱጋልድ ጠንቃቃ ሰው ነው። ጉዳዩን ስነግረው በሩን ዘጋ።

"ክቡር ሚኒስትር፣ ማስታወቂያው ጀርባው ላይ አለ፤ ጥፋት የለብንም። አዲስ አትመን በዝምታ እንላክ።"

"እስኪደርስ ስንት ቀን ይፈጃል?"

"ሦስት ሳምንት።"

"በሦስት ሳምንት ውስጥ ባሕሩ ስንት ጊዜ ይሞላል?"

"እሱን... እሱን አላውቅም ጌታዬ።"

"አርባ ጊዜ ነው ዱጋልድ።"

ቀትር ላይ ወደ ራዲዮ ጣቢያው ሄጄ በገዛ ድምፄ ተናገርሁ። ካሌንደሩን ከግድግዳ አውርዱ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አንድ ሰው በዚህ ምክንያት እግሩን ተሰብሯል፣ ሌላ ሰው ደግሞ በሐሰት ታምቷል አልሁ። ስምህን አላነሣሁም፤ ሎውደን ኮቭ ውስጥ ማን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ለፓስተሩ ጽፌለታለሁ። ዱጋልድ ወንበሬን ዛሬ እንደሸጥሁት ይናገራል። ሊሆን ይችላል።

ፍርድ እንድሰጥ ጠይቀኸኝ ነበር። ዳኛው ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ ተገኝቷልና ልፈርድ አልችልም። ለዊኒፍሬድም ይህንኑ ነገርኋት። ፍርዱን ለአንተ መልሻለሁ።

አንድ ነገር ግን እስከ አሁን ግራ ገብቶኛል። መቼ ነው ያወቅኸው? አውቀህስ ለምን ዝም አልህ? ቤትህን፣ ስምህን፣ አእምሮህን እንኳ ለመስጠት ቆርጠህ የነበረው ለእኔ ወንበር ነው? እንደዚያ ከሆነ ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅህ አላውቅም። ብዙ ዓመት በንግግር የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ለዚህ የሚሆን ቃል የለኝም።

ወንድምህ ኦርቪል


ሎውደን ኮቭ፣ ጁን 23 ቀን 1980

ለወንድሜ ለኦርቪል፤

ማን ተናገር አለህ? አሥራ ሁለት ቀን ሳልጽፍልህ የቆየሁት ተናድጄብህ ነው። አሥራ አራት ካሌንደር የሰበሰብሁት፣ ወይዘሮ አተርተን ወጥ ቤት እንደ ሌባ የገባሁት ለጨዋታ መሰለህ? ግማሹ ንዴቴ አልፏል። ግማሹን ስትመጣ ፊት ለፊት እነግርሃለሁ።

ያወቅሁት ጁን 3 ቀን ነው። ጀልባ ያመጡልንን ሰዎች ላመሰግን ሄጄ ጎጇቸው ውስጥ ከመንግሥት የሚወጣው የባሕር ሰዓት መጽሐፍ ተሰቅሎ አየሁ። ሜይ 17ን ፈለግሁ። ሁለት ይላል። ወንበር አምጡልኝ ብዬ ተቀመጥሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ ደስታ ነው፤ አላበድሁም! ቀጥሎ የመጣልኝ አንተ ነህ። ለምን ዝም አልህ ላልኸው፦ ከሁለት ቤት አንዱ መፍረስ ካለበት አሮጌው ይፍረስ ብዬ ነው። አሁን ሳስበው ትክክል አልነበረም፤ ከድልድዩ ወዲያ ያሉትን ሰዎች ማን ሊነግራቸው ኖሯል? ያን ጊዜ ግን ትክክል መስሎኝ ነበር። ዘንድሮ ትክክል የሚመስለኝ ነገር ሁሉ እንዲህ እየሆነ ነው።

ራዲዮውን የሰማሁት ቨርና ሱቅ ውስጥ ሆኜ ነው። አንተ ስትጨርስ ቨርና ወደ እኔ ዞረችና፣

"ሆሊስ፣ ካሌንደሬን መልስልኝ" አለች።

"አቃጥዬዋለሁ።"

"ውይ፣ ፎቶውን እንኳ ብታስቀርልኝ ምን ነበረበት! ቢላ እየወረወርሁ እለማመድበት ነበር።"

ሳቁ። ከሁሉ በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ግን በመኸር አንተን እንደምትመርጥ የነገረችኝ እዚያው ነው፤ "ቢያንስ ይሄኛው ሲያጠፋ በራዲዮ ይናገራል" ብላ።

ዊኒፍሬድ መጥታ ሳምንት ተቀመጠች። "ይቅርታ አባዬ" ብላኛለች። የቤቱን ወረቀት አልቀደደችውም፤ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እኔም ቅደጂው አላልኋትም። ፍርዱን ለአንተ መልሻለሁ ስትል ቀላል ነገር የሰጠኸኝ መስሎህ ይሆናል። ሰው ሁሉ "ካሌንደሩ ነው፣ አንተ ምንም የለብህም" ይለኛል። አመሰግናቸዋለሁ። ካሌንደሩ ግን የተሳሳተው አንድ ጊዜ ነው። ክሩ ነግሮኝ ነበር፣ ዓሣው ነግሮኝ ነበር፣ ከኦንታሪዮ የመጣ ሰው እንኳ ነግሮኝ ነበር። ሦስት ምስክር ቆሞ እኔ ግድግዳ አመንሁ። ይህንን ማን አጠፋው? ይህንንስ በየትኛው ራዲዮ ልናገረው?

እንዲህ እያልሁ ስብሰለሰል ዊኒፍሬድ "እስኪ ይዘኸኝ ውጣ" አለችኝ። ልጅ ሆና እንኳ አለቱን አትወደውም ነበር። ከትናንት ወዲያ፣ ቅዳሜ፣ ሄድን። መጽሐፉን ገዝታልኛለች። እሷ አሰላች፣ እኔ አሰላሁ፣ ቨርናም ሳትጠየቅ አሰላች፤ የሦስታችንም ስሌት ጉድለቱን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ አዋለው። ቀኑ ብራ ነበር፤ መሻገሪያው፣ ዳርቻው፣ የቤቴ ጣሪያ ሳይቀር ይታያል።

ውኃው ልክ በሰዓቱ ተመለሰ። ክሬ ወደ ምሥራቅ ሄደ። እርሳሱ በአሸዋዋ ኪስ ውስጥ እንደተቀመጠ ያ ድንግጥ የሚያደርግ ከባድ አነካክ መጣ፤ ታውቀዋለህ፣ ድንጋይ የተነፈሰ የሚመስለው። ዊኒፍሬድም አንድ ያዘች፤ ጮኸች። ያን ጊዜ ክሬን ማጠንጠን ጀመርሁ።

"እንውጣ" አልኋት።

"አባዬ፣ ገና አንድ ሰዓት ተኩል አለን እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ዓሣው ገና አሁን መብላት ጀመረ!"

"አውቃለሁ ልጄ። እንውጣ።"

ፊቴን አየችና ዕቃዋን ሰበሰበች። በደረቅ ተሻገርን። ቤት ልንገባ አልቻልንም፤ ሣሩ ላይ ተቀመጥን። እኔ ሰዓቴን ይዤ መሻገሪያውን አያለሁ፤ እሷ እኔን ታያለች። ግማሽ ሰዓት ሆነ፤ ደረቅ ነው። አንድ ሰዓት ሆነ፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን መንገድ ደረቅ ነው። ጋሪ ይዞ የሚሻገር ይሻገርበት ነበር። ከአለቱ ሥር ዓሣዎቹ ሲበሉ ይታወቀኛል፤ ከዚያ ሆኜ ሊታየኝ እንደማይችል አውቃለሁ፣ ግን ይታወቀኛል።

ልክ ባልነው ደቂቃ ውኃው ከሁለቱም ወገን መጥቶ መሐል ላይ ተገናኘ። ስሌታችን አንዲት ደቂቃ እንኳ አላሳሳተንም።

"ትክክል ነበርክ አባዬ" አለችኝ ዊኒፍሬድ።

"ትክክል ከነበርኩ እዚህ ሣሩ ላይ ምን እሠራለሁ?" አልኋት።

ዓሣዋን አንሥታ ክንዴን ያዘችና ወደ ቤት ገባን። ቤቱን አልፈርምም፤ ይህን ወስኛለሁ፣ ለዊኒፍሬድም ነግሬአታለሁ፣ ተስማምታለች። ከዚያ በላይ፣ ባሕሩ ላይ ራሴን ልመን አልመን ግን፣ እንድፈርድ አትጠይቀኝ።

ወንድምህ ሆሊስ